የቅቤ ግንብ በጽጌ

ቶርታ ትዝ ይላችኋል? ኬክ አላልኩም። ኬክማ ዛሬ ከባንክና ከፋርማሲ ቀጥሎ በከተማው በብዛት ያለ ነገር ነው። ቶርታ ነው ያልኩት። ያ የሰባዎቹ የሠርግ ቶርታ፤ ዳንቴል በለበሰ ጠረጴዛ መሀል እንደ ሹም ብቻውን የሚቀመጠው፣ ሮዝና አረንጓዴ ክሬም ያጌጠው፣ ብር የመሰሉ ጥርስ ሰባሪ ፍሬዎች የተነሰነሱበት፣ ውስጡ ማርማላታ የሆነ፣ ዳር ዳሩ ግን ደርቆ ሙሽራው ቢላዋ ይዞ እስኪያልበው የሚታገለው። እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ነገር ማሳነስ አንወድምና ቶርታችንን በግንብ ቅርጽ ነበር የምናሠራው። አራቱ ማዕዘን ላይ አራት ክብ ማማ፣ መሀሉ ላይ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ረጅም፣ በቸኮላት የተሳለ በርና መስኮት። ሠርገኛው ሙሽሮቹን አይቶ ሲያበቃ የሚያማው ቶርታውን ነበር፤ ማማው ጠሟል፣ በሩ ጠቧል እያለ።

እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ለልጅ ቶርታ አይሰጥም። የሚደርሰን ቢላዋው ላይ የተረፈውን ክሬም በጣት መጥረግ ነው፤ እሱንም ለማግኘት ከአጎት ልጆች ጋር መደባደብ ያስፈልጋል። ይኸው ፀጉሬ እየሳሳ እንኳ ሮዝ ነገር ሳይ ምራቄ ይመጣል። ባለቤቴ ትዕግሥት ሮዝ ሹራቧን በለበሰች ቁጥር ለምን ደስ ደስ እንደሚለኝ አልገባትም ነበር፤ ምክንያቱን የነገርኳት ቀን አኩርፋ ሹራቡን ለእህቷ ሰጠችው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናቴ የሚካኤል ማኅበር አላት። ካገባች ማግስት ጀምሮ የምትጠጣው ማኅበር ነው። በየወሩ በአሥራ ሁለት ከአባላቱ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ጸሎት ይደርሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ከዚያ አገሩን ሁሉ አምተው፣ ያሙትንም መርቀው ይበተናሉ። የእናቴ ተራ ጥቅምት ነው። ዘንድሮ ጉልበቷ እምቢ አላትና ቦታዋን ለእኔ ልታወርስ ፈለገች። ማኅበር እንደ ርስት ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል፤ ግን ዝም ብሎ አይሄድም። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚባሉት፣ አያ ደርሶ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት፣ ጢማቸው እንደ ባዘቶ የነጣ፣ በሥራ ዘመናቸው ቀበሌውን ሁሉ መርፌ ስለወጉ ዛሬም ድረስ ሰው ሲያያቸው የሚጨነቅ ሽማግሌ ናቸው። «መጀመሪያ አዘጋጃጀቱን እንይለት» አሉ። የዘመኑ ልጆች ማኅበር ሲወርሱ ጽዋው ዞሮ ሳያልቅ ስልክ ይዘው ይወጣሉ፣ ጠላውን በቢራ ይለውጣሉ የሚል ቅሬታ አላቸው፤ ውሸትም አይደለም።

እናቴ ይህን ከሰማች ወዲያ እንቅልፍ አጣች። ቦታው ከቤታችን ከወጣ ስሟ ከሚካኤል ደጅ እንደተፋቀ ነው የምትቆጥረው። ከእኔ የፈለገችው ቀላል ነገር ነበር፦ ንጹሕ ነጠላ ለብሼ፣ እንግዳ ተቀብዬ፣ አፌን ዘግቼ እንድቀመጥ። ዳቦው፣ ጠላው፣ ወጡ የእሷ ሥራ ነው። እኔም እሺ አልኳት። እሺ ስል ግን ቶርታው ገና አልመጣልኝም ነበር።

የመጣልኝ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ኢንጂነሪንግ አስተምራለሁ፤ ሥራዬ ሕንፃ እንዴት ሳይወድቅ እንደሚቆም ለልጆች ማስረዳት ነው። ሰሌዳው ላይ አራት ምሰሶ ስዬ ዞር ስል ቶርታ ሆኖ ታየኝ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። የማኅበሩ ሰዎች እኮ ሁሉም በሰባዎቹ ያገቡ ናቸው! ሁሉም በግንብ ቶርታ የተዳሩ ናቸው! ይህን ነገር ፊታቸው ባቀርብ አያ ደርሶ ተነሥተው ይስሙኛል፣ እናቴ ትኮራለች፣ ቦታው የእኔ ይሆናል። እኔም ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ቢላዋ ሳልልስ ቶርታውን እበላለሁ። የቀረውን ትምህርት ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም፤ ተማሪዎቼ ፈተና ሲደርስ ያወቁት ይመስለኛል።

ትዕግሥት ነገሩን ስነግራት «ጥቅምት አሥራ ሁለት እኮ ጽጌ ነው» አለችኝ። ለዚህ መልሴ ዝግጁ ነበር። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ዐዋጅ አይደለም። ቀኑም ማክሰኞ ይውላል፤ ረቡዕ አይደል፣ ዓርብ አይደል። የፈለገ ይጾማል፣ ያልፈለገ ይበላል። «የፈቃድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አንተ ግን የምንኖረው ጎንደር መሆኑን አትርሳ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ያም ሆኖ የተማርኩ ሰው ነኝና ያለ ማስረጃ አልንቀሳቀስም። ጽጌ ከገባ ጀምሮ የማኅበሩን ሰዎች ስሰልል ከረምኩ። አያ ደርሶን ፒያሳ አንድ ካፌ ጥግ ይዘው አገኘኋቸው። ፊታቸው ማኪያቶ፣ ጢማቸው ላይ የወተት አረፋ። ሲያዩኝ ብርጭቆውን በጋዜጣ ጋረዱት። ያላየ መስዬ አለፍኩ፤ ልቤ ግን እስክስታ ይወርድ ነበር። የእናቴን ባልንጀራ እትዬ ማሬን ደግሞ ቅዳሜ ገበያ እንቁላል አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ከፍ እያደረጉ ሲመርጡ ደረስኩባቸው። ሳልጠይቃቸው «ለመታቀፊያ ነው» አሉኝ። ያን ያህል እንቁላል የምትታቀፍ ዶሮ ካለቻቸው በሬ የምታህል መሆን አለባት። የሌላውን አባል ቤት ነገር አብሮኝ የሚያስተምረው ልጃቸው ነገረኝ፤ ሳምንቱን በዱለት ነበር የከረሙት። በቃ፣ የልብ ልብ ተሰማኝ።

አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ እንፍራንዝ ላለችው አክስቴ ደወልኩ፤ በወጣትነቷ እዚህ ጎንደር አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሠርታለች። በደስታ ጮኸች። ዋናው ምስጢር የእንቁላሉ ነጭ ነው አለች፤ በሹካ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሳይወራ ይመታል። ካወራህ አረፋው ይወርዳል። የዚህን ሳይንስ ጠየቅኳት፤ «ይኸው ማውራት ጀመርክ» ብላ ዘጋችብኝ። እኔም ሰኞን ሙሉ ዲዳ ሆኜ እንቁላል ስመታ ዋልኩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደወለ፤ አላነሳሁም። ትዕግሥት ምሳ ላቅርብ ወይ ስትለኝ በቅንድቤ መለስኩላት። ክንዴ ዝሎ ሹካውን ወደ ግራ እጄ ሳዛውረው አቅጣጫው ተገለበጠ መሰለኝና ደንግጬ ጠረጴዛውን ዞሬ ቆምኩ።

ሮዙ ቀለም ከቀይ ሥር ወጣ። አረንጓዴው ከቆስጣ። የብር ፍሬዎቹ ግን ከምድር ጠፍተዋል። ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ክብ፣ ደቃቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርስ የሚሰብር እያልኩ ብገልጽ አንዱ ባለ ሱቅ አስቦ አስቦ ወደ መለዋወጫ ቤት መራኝ። እዚያ የባጃጅ ኩሽኔታ ፍሬ አሳዩኝ። በእውነቱ ቁርጥ እሱን ነው፤ ጥርስ በመስበርም አያንስም። ትንሽ አመነታሁ፤ አልዋሽም። በመጨረሻ ነጭ የአዝሙድ ከረሜላ በሙቀጫ ወቅጬ ተገላገልኩ።

ሊጡን በድስትና ለማማዎቹ ብዬ ባስቀመጥኳቸው የዱቄት ወተት ጣሳዎች ገልብጬ ስጨርስ መብራት ሄደ። የእንቁላል አረፋ ደግሞ መብራት አይጠብቅም። ድስቱን ታቅፌ፣ ትዕግሥት ጣሳዎቹን በሣፋ ይዛ፣ ሰፈራችን ወዳለው በእንጨት የሚሠራ ዳቦ ቤት ሮጥን። ዳቦ ጋጋሪው ጣሳዎቹን እያገላበጠ መድኃኒት ነው ወይ አለኝ። ግንብ ነው አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ከዳቦዎቹ መሀል ከትቶ በሰላሙ ጋገረልኝ። ሲወጣ የባሕር ዛፍ ጭስ ጭስ ይላል እንጂ ተነፍቶ፣ ቀልቶ፣ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ላየው ያስለቅሳል። እኔም ከፎርኖው ፊት ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ፤ በጭሱ አሳበብኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ግንባታ ተጀመረ። ማማዎቹን ከመሠረቱ ጋር በስቴኪኒ አያያዝኩ፤ ስቴኪኒው እንደ ፌሮ መሆኑ ነው። ቅቤውን ከስኳር ጋር መትቼ ለሰንኩ፣ በሩን ሳልኩ፣ መስኮቱን ሳልኩ። ከሥራው ሁሉ አንደኛው ማማ ብቻ ወደ ጎን ዘመም አለ። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ መሠረት የማስተምር ሰው ነኝ፤ የገዛ ግንቤ መሠረት ግን ማርማላታ ነው፣ ምን ላድርግ። ባጃጅ ጠርቼ ከሰፈራችን ከማራኪ ወደ እናቴ ቤት አራዳ ተጓዝኩ፤ ቶርታው ጭኔ ላይ፣ ጣቴ የዘመመው ማማ ላይ። ኮብልስቶኑ ጋ ስንደርስ ነጂው ታቦት እንዳጀበ ቄስ ቀስ አለ። ከኋላችን መኪናው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል፤ ነጂው ደግሞ አንገቱን አውጥቶ «ግንብ ይዣለሁ» ይላቸዋል። ጡሩምባውን የሰሙ ሴቶች ሠርግ መስሏቸው ከየደጁ ወጥተው እልል አሉልን። ደስታዬ ወሰን አጣ። አንዲት ባለ ነጠላ አዛውንት ብቻ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ቶርታውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ምነው ልጄ፣ በጽጌ ማንን ልትድሩ ነው» አሉኝ። ያኔ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ከእልልታው ሌላ የሚሰማ ጆሮ አልነበረኝም።

እናቴ ቅዳሴ ላይ ስለነበረች ቶርታውን ጓዳ አስገብቼ በነጭ ጨርቅ ሸፈንኩት። ማኅበርተኛው መጣ። ሁሉ ነገር ሸጋ ሆኖ ሄደ። መምሬ ተገኘ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ጽዋው ዞረ፣ ሽሮውና ምስሩ ቀረበ። እኔ አፌን ዘግቼ፣ ስልኬን አጥፍቼ ጠላ ስቀዳ አያ ደርሶ በዓይናቸው ይከተሉኛል፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እናቴ ይህን አየች፤ ፊቷ በራ። እዚያ ላይ ቢበቃኝ ኖሮ ይህን ወግ አላወጋችሁም ነበር።

ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ለአባቶቼና ለእናቶቼ የቆየ ትዝታ አዘጋጅቻለሁ አልኩ። ስታስተናግድ የነበረችው ትዕግሥት ከኋላ ነጠላዬን ያዘችኝ፤ አስለቅቄያት ገባሁና ግንቡን ተሸክሜ ወጣሁ።

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። እትዬ ማሬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «የኔ ቶርታ» አሉ በቀስታ፤ የራሳቸው ሠርግ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይስማ! ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። አያ ደርሶ በሠርጋቸው ቀን ቢላዋው ጠሞባቸው ቶርታቸውን በሚዜያቸው ሴንጢ የቆረሱ ሰው ናቸው። የእትዬ ማሬ ባል ደግሞ የብር ፍሬውን ነክሶ ጥርሱን ሰብሮ ኖሯል፤ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ሁሉ አፉን እንደ ዘጋ ነው የተነሣው፤ ዘመድ ሙሽራው ከፍቶታል ብሎ ሲጨነቅ ከረመ። አንደኛው አባል ቶርታቸው ላይ ዶሮ ዘላ ወጥታ የመሀሉን ማማ እንዳፈረሰችባቸው ሲናገሩ እንባቸው እስኪወርድ ተሳቀ። እነዚያ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ባንድ ጊዜ ሙሽራ ሆኑ። ዓይናቸው ሲያበራ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በሩን መስኮቱን ሲነካኩ፣ ዘመም ያለውን ማማ አይተው «እንዲያውም ድሮም እንዲህ ነበር» ሲሉኝ ከደስታ ብዛት ጣራ ልነካ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ቢላዋውን አነሣሁ።

ወሬው ቀጥ አለ። ሁሉም እጁን ወደ ነጠላው ውስጥ ሰበሰበ። መምሬ ተገኘ፣ ቅን ሰው ናቸው፣ «ጽጌ የፈቃድ ነው። የሚጾም ይጹም፣ የማይጾም በሚካኤል ስም ይብላ፤ ማንም ማንንም አይይ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እሳቸው የምር ጾመኛ ናቸው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። እኔ ተገላገልኩ አልኩ። ሁሉም ግን ወደ ሙሴው ዞሮ ተመለከተ። አያ ደርሶ ቶርታውን አዩ፣ እትዬ ማሬን አዩ፣ ምራቃቸውን ዋጡ።

«እኔ እንኳ ጾመኛ ነኝ» አሉ።

ማኪያቶው ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። «እኔም እጾማለሁ» አሉ እትዬ ማሬ፣ ባለ ብዙ እንቁላሏ። ባለ ዱለቱም እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ቃሉ እንደ ጽዋው ከሰው ወደ ሰው ዞረ፤ እኔም፣ እኔም እየተባለ በሩ ድረስ ደረሰ። ጾመኛ ያልሆነ ሰው ጠፋ። እናቴ ማድጋውን አንሥታ ጠላ ልትቀዳ ጎንበስ አለች፤ ወደ እኔ አላየችም። ልጇ ቦታዋን ሊወርስ በተፈተነበት ቀን በማኅበሩ ፊት፣ በጽጌ፣ የቅቤ ግንብ ተሸክሞ ገባ። አያ ደርሶ ጉሮሯቸውን አጸዱና የቦታው ነገር ለጊዜው ይቆይ አሉ። ቶርታውን ተሸክሜ ወደ ጓዳ ተመለስኩ። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ። ለራሴ እንኳ አይደለም፣ ለእሷ ነው።

ጓዳ ገብቼ ግድግዳ እንደተደገፍኩ በሩ ገርበብ አለ። እትዬ ማሬ ናቸው። ለልጅ ልጃቸው ትንሽ ቁራሽ በወረቀት እንድጠቀልልላቸው ለመኑኝ። የልጅ ልጃቸው ገና ጥርስ አላበቀለም፤ ቢሆንም ቆርሼ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ሳይጠቀልሉት ወደ ጓሮ ሲወጡ ጉንጫቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀጥለው ባለ ዱለቱ ገቡ፤ ለጎረቤት ልጆች ነው አሉ። ሌላዋ ለሠራተኛዬ አሉ። አንዱ ደግሞ ለማንም አላሉም፤ ገቡ፣ ቆመው በሉ፣ አፋቸውን ጠርገው ወጡ። ከእኔ ሐፍረት በላይ ግርግሩ በለጠ። ትዕግሥት ሳቋን ለመያዝ ጨርቅ ነክሳለች፤ እኔም ቀስ በቀስ ልቤ መለስ አለችልኝ።

በመጨረሻ አያ ደርሶ ራሳቸው ብቅ አሉ። እጄን ልታጠብ ነው አሉ፤ ጓዳው ውሃ የለውም። ቶርታውን ዙሪያውን ዞሩት፣ ጎንበስ ብለው መረመሩት።

«ይህቺ ማማ ልትወድቅ ነው» አሉኝ፣ በሽተኛ እንደሚያዩ ሁሉ።

«አዎ፣ አያ ደርሶ። መሠረቷ ደካማ ነው።»

«እንግዲያው ሰው ላይ ሳትወድቅ ብናነሣት ይሻላል» አሉና ባንድ እጃቸው ነቅለው ከነስቴኪኒዋ ጎረሷት። ስቴኪኒውን አውጥተው ሰጡኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያላምጡ ያ ሁሉ ሙሴነታቸው ከፊታቸው ላይ ሲሄድ አየሁ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ማኅበሩ ተመለሱ፤ እኔም ማድጋ ይዤ ተከተልኩ።

ገብተው ቆሙና፣ የምርቃቱ ሰዓት ስለደረሰ እጃቸውን ዘረጉ። «እግዚአብሔር ጾማችንን ይቀበልልን» ብለው ጀመሩ። ሰው አሜን አላለም። ሁሉም ጢማቸውን ያያል። ያ እንደ ባዘቶ የነጣው ጢም ከግራ እስከ ቀኝ በቀይ ሥር ሮዝ ሆኗል፤ ጫፉ ላይ የከረሜላ ስባሪ ያበራል። መምሬ ተገኘ ከመስኮቱ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ደርሶ» አሏቸው በለሆሳስ። «አንተ ጾመሃል፤ ጢምህ ግን ገድፏል።»

መጀመሪያ የፈነዳችው ትዕግሥት ናት፤ ከጓዳ በር። ከዚያ እትዬ ማሬ፤ ሲስቁ ከነጠላቸው ወረቀቱ ወደቀ። አያ ደርሶ ጢማቸውን በእጃቸው ጠርገው እጃቸውን አዩት፣ ክሬሙን አዩት፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው። «እኔ እኮ ማሬ ትጾማለች ብዬ አፍሬ ነው» አሉ። እትዬ ማሬ ደግሞ «እኔማ ሙሴው እየጾመ እንዴት ልብላ ብዬ» አሉ። ባለ ዱለቱ በሁለቱም አፍረው ኖሯል። ሁሉም በሁሉም ሲያፍር ከርሟል። ቶርታው እንደገና ወጣ፤ ይህን ጊዜ ቢላዋም አላስፈለገ። እናቴ ጉልበቷን ረስታ ከዚያ ከዚህ እየተሯሯጠች ሳህን ታቀብላለች፣ ጨምሩ ትላለች፣ እምቢ ያለውን በሞቴ ትላለች። ሳቋን ስሰማ ክንዴ ላይ የነበረው ዝለት ሁሉ ለቀቀኝ። መሠረቱ ማርማላታ ነው፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ ዳሩ ደርቋል፤ ልክ እንደ ድሮው ነው አሉ። እኔም በላሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩትን በላሁ፤ ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ።

መምሬ ብቻ አልቀመሱም። ቶርታውን በፍቅር ዓይን እያዩ «እኔስ ጽጌ ሲፈታ» አሉ። ይህን የሰሙት አያ ደርሶ ሳህናቸውን አስቀመጡ። የእሳቸው ተራ ኅዳር ነው፤ ኅዳር ሚካኤል፣ የዓመቱ ትልቁ በዓል፣ ጽጌ ተፈትቶ የገና ጾም ሳይገባ የሚውል፣ ሁሉም የሚመኘው ተራ። በማኅበሩ ዘመን ሁሉ ለማንም አሳልፈው ሰጥተውት አያውቁም።

«የሺ» አሉ እናቴን ጠርተው። «ልጅሽ ሸጋ ነው። ከማኅበሩ ገብቷል። እኔ ጥቅምትን እወስዳለሁ፤ ኅዳርን ለእሱ ሰጥቻለሁ። ዘንድሮውኑ ይጀምር።»

እናቴ መቀመጫ ፈልጋ ተቀመጠች። ኅዳርን፣ ለእኛ ቤት! እትዬ ማሬ እልል አሉ። አያ ደርሶ ለቀጣዩ ባለ ተራ የሚሄደውን ጽዋ እዚያው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ አባቴ በሕይወት ኖሮ ይህን ቢያይ ብዬ እንባዬ መጣ። ለሚቀጥለው ወር ማማው ስድስት ይሁን የሚል ትእዛዝም አብሮ መጣ፤ እሺ አልኩ፣ ምን አለብኝ።

እንግዳው ተሸኝቶ፣ ትዕግሥት ሳህን ስትሰበስብ፣ እናቴን ጓዳ አገኘኋት። የቶርታውን ትሪ ይዛ ቆማለች። ትሪው ላይ ከሮዝ እድፍ በቀር ምንም የለም። ጮቤ እየረገጥኩ አቀፍኳት፣ ኅዳርን አገኘን አልኳት። እሷም ደስ ብሏታል፤ ጉንጬን ስማ መረቀችኝ። ከዚያ ትሪውን ዞር ዞር አድርጋ አየችው።

«ለኔ አላስቀራችሁልኝም?» አለች።

«አንቺ እኮ ጾመኛ ነሽ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ማ ነገረህ? ለጉልበቴ በሚሰጡኝ ኪኒን ምክንያት ሐኪሙ ጾም ከልክሎኛል። መምሬም ፈቅደውልኛል።»

ትሪውን ከእጇ ተቀበልኳት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል በይፋ፣ በካህን ፈቃድ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ልትበላ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች። ታዲያ ምነው አልተናገርሽም አልኳት። እንግዳ እጁን ሰብስቦ ባለቤት ይበላል ወይ አለችኝ። መብላት ሲጀምሩ ደግሞ ማን ያሳልፍ? በሠርጓም ቀን እንደዚሁ ነበር፤ ቆርሳ ለሁሉም አደለች፣ አማቶቿን አጎረሰች፣ ወደ ወንበሯ ስትመለስ አልቆ ጠበቃት። ቶርታ ምን ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አታውቀውም። ይህን ስትናገር አላማረረችም፤ እንዲያውም ትስቅ ነበር። ሳቋ የበለጠ አንጀቴን በላው። የማኅበሩን ሰው ሁሉ ካፌ ለካፌ፣ ገበያ ለገበያ ስሰልል ስከርም፣ የገዛ እናቴን አንድ ቀን ትጾሚያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም።

«እስከ ኅዳር ልጠብቅ?» አለችኝ።

ነጠላዬን አውልቄ ትዕግሥትን ጠራኋት፤ ለእንቁላል ወደ እትዬ ማሬ ቤት ሮጠች። እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ እንዳትነሣ ከለከልኳት። እንቁላሉ እንደ መጣ ነጩን ለይቼ፣ ሹካዬን ይዤ፣ በአንድ አቅጣጫ መምታት ጀመርኩ። እናቴ እንዴት ነው የሚሠራው፣ ለምንድን ነው የማትመልስልኝ እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔ ግን አልተናገርኩም።